ለከበሮ ሆድ የመጣው ጆሮ

ዛሬ ጠዋት ደጃፌ ላይ በርጩማ አውጥቼ ሽንኩርት እየላጥኩ ሳለ አንድ ባጃጅ በኮረኮንቹ እየተንገጫገጨ አለፈ። ልጁ ዘፈን ከፍቷል። ዘፈኑ ምን እንደሚል እንጃ፣ ቃሉ እኔ ዘንድ አልደረሰም። የደረሰኝ የታችኛው ድምፅ ነው፤ ያ ከመሬት የሚነሳው፣ ድም እያለ መጀመሪያ የበርጩማዬን እግር፣ ቀጥሎ ወገቤን፣ ከዚያ ደረቴን የያዘኝ። የድስቴ ክዳን እንኳ ተንቀጠቀጠ። ጎረቤቴ ብቅ ብላ እነዚህ ልጆች ሊያደነቁሩን ነው እያለች አማረረች። እኔ ግን ቢላዋውን እንደያዝኩ ባጃጁ ታጥፎ እስኪጠፋ በዓይኔ ተከተልኩት። እውነቱን ልናገርና ቀናሁ። ለባጃጅ የሚቀና ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔን እዩኝ። አንድ ጎረምሳ ከመቀመጫው ሥር ባስገባት ሳጥን የቆቦን ሰው ሆድ እያንቀጠቀጠ ይዞራል፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከበሮ መትቼ፣ በክር ተቀድቼ፣ ካሴቴ ከወልድያ እስከ አላማጣ ተሽጦ፣ ያ ድምፅ አንድም ቀን ከቴፕ ወጥቶ ሰው ጆሮ ገብቶ አያውቅም።

ካሴቴ አልኩ እንዴ? የለምለም ካሴት ማለቴ ነው። ስሟን ሳልጠራ አንድ ቀን ውዬ ባድር ደስ ባለኝ፤ ግን ይህ ወሬ ያለሷ አይሆንም። ለምለም ዘፋኟ፣ እኔ ዘይነባ ከበሮ መቺዋ ነበርን። እሷ የክርስቲያን ልጅ፣ እኔ የእስላም ልጅ። ሰርጉ የነሱ ሲሆን ለኔና ለመሰሎቼ ለብቻ ታርዶ ይቀርባል፣ ሰርጉ የኛ ሲሆን ለነሱ፤ ከበሮው ግን አንድ ነበር፣ እሱም የኔ። የትኛው መንግሥት እንደነበር አትጠይቁኝ። ለኛ ዘመን የሚለየው በልብስ ነው። ጎረምሶቹ እግሩ የሰፋ ሱሪ ለብሰው የቆቦን አቧራ የሚጠርጉበት፣ ጸጉራቸውን አጎፍረው ማበጠሪያውን እዚያው ጸጉራቸው ላይ ሰክተው የሚሄዱበት ጊዜ ነበር። ኮንጎ ጫማ ያደረገች ልጅ እግሯን እያየች ነበር የምትራመድ። ሻይ ከነቅርንፉዱ በአሥር ሳንቲም ይጠጣል፤ ካሴት ግን የአንድ ደህና ዶሮ ዋጋ ነው። ሴቱ ያለው ጀርሲ ይለብሳል፣ የሌለው አቡጀዲ። ለምለም አረንጓዴ ጀርሲ ነበራት፣ ወገቧ ላይ ጥብቅ ያለች፤ ያንን ቀሚስ ዛሬም ባገኘው እንደ ሽንኩርቱ በከተፍኩት። እኔም ጀርሲ ነበረኝ፣ ቡኒ፣ እሱም የአክስቴ። ከበሮ ስመታ ደግሞ ክንዴ እንዳይያዝ እጅጌውን እስከ ብብቴ ስለምሰበስበው ጀርሲ መሆኑን እንኳ ማንም ልብ አላለውም።

ስለ አመታቴ ልንገራችሁ፣ ሌላ የሚነግርልኝ የለም። ከበሮዬ ከዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ ነው፤ አንዱ ፊቱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ። ጠባቡ ወሬኛ ነው፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ በግራ እጅ ይመታል። ሰፊው የቀኝ እጅ ነው፣ ቁም ነገረኛ ነው፣ ሆድ አለው። የራያ ጎረምሳ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሲዘል አይታችሁ ከሆነ፣ ሽቅብ ተነስቶ አየር ላይ ቆም የሚልባት ቅጽበት አለች። ሌላው መቺ ሁሉ እዚያ ላይ ይቸኩላል፤ ልጁ ገና አየር ላይ እያለ ይመታና ጭፈራውን ያበላሸዋል። እኔ እዘገያለሁ። ትንፋሼን ይዤ ጠብቄ፣ ጠብቄ፣ እግሩ መሬት ሲነካ ሰፊውን ፊት አብሬ አወርደዋለሁ። ያን ጊዜ ልጁ ራሱ መሬቱን የመታው ይመስለዋል። አሮጊቶች ሳይቀሩ ከተቀመጡበት ይነሱ ነበር። ሰው ግን ሰርጉ ሲበተን ምን ይላል? "ለምለም ዛሬ እንዴት ዘፈነች!" ይላል። እኔን ደግሞ "አንቺ ልጅ፣ እጅሽ አልደከመም?" ይሉኛል። ከዚያ ውሃ ይሰጡኛል፤ ለሷ ጠጅ በብርሌ፣ ለኔ ውሃ በጣሳ። ጠጅ አልጠጣም፣ አውቃለሁ፤ ቢሆንስ ውሃ በብርሌ አይቀዳም?

ሰይድ ቴፕ የምንለው ሰው ነበር፣ አላህ ይዘንለት። አውቶቡስ መቆሚያው ጥግ ላይ ሰማያዊ ቀለም የተቀባች ሱቅ ነበረችው። ከጎብዬና ከሮቢት ለገበያ የመጣ ሁሉ ማሽላውን ሸጦ ሲያበቃ እሷ ሱቅ ፊት ቆሞ ዘፈን በነጻ ይሰማ ነበር፤ አህዮች እንኳ እዚያ ሲደርሱ ቀስ የሚሉ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ይህ ሰይድ የሰርጉን ዘፈን ልቅዳችሁ አለን። ለምለም ሳቀች፤ እኔ ሌሊቱን አልተኛሁም። ጥቁር ጭንቅላት ያላት አንዲት ማይክ ነበረችው፣ ከቤቱ ጓሮ ባለች ክፍል አንሶላ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ፣ ዶሮዎቹን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ፣ ማይኳን ለምለም አፍ ላይ ደቀነ። ጀመርን። ሰፊውን ፊት ገና አንዴ ባወርደው ቴፑ ኽርርር አለ። ሰይድ እጁን አነሳና ከበሮሽ ማይኩን ይውጠዋል፣ እስቲ ወደ በሩ ራቅ በይ አለኝ። ራቅኩ። አሁንም ኽርርር። ወደ ግቢው ውጪ አለኝ። ወጣሁ። በመጨረሻ ማድቤት አጠገብ ባለች፣ ማሽላ በሚያስቀምጥባት ጓዳ ውስጥ፣ ከጆንያ ኋላ አስቀምጦኝ ከበሮዬን ጋቢ አለበሰው። ለምለምን አላያትም፣ እሷም አታየኝም። ፊቴ ላይ ያለው ጆንያና ነቀዝ ነው። ለሷ ጉሮሮዋ እንዳይደርቅ በየዘፈኑ መሃል ሻይ ይመጣላታል፣ የብርጭቆው መንቀጭቀጭ ይሰማኛል። እኔ ጋቢ በለበሰ ከበሮ ላይ፣ ትራስ እንደሚያራግፍ ሰው፣ ስመታ ዋልኩ።

ካሴቱ የወጣ ሰሞን ቆቦ ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ሻይ ቤቱ፣ ጸጉር አስተካካዩ፣ የጭነት መኪናው ሁሉ ለምለም ለምለም ይላል። "ጎብዬ ደርሼ ሮቢት ብመለስ፣ ልቤ ዋጃ ቀረ እግሬ ቤቴ ሲደርስ" የሚለውን ሕፃናት ሳይቀሩ በየመንገዱ ይሉታል፤ ግጥሙን ሻይ እየጠጣች ከራሷ ያወጣችው ነው፣ አልክዳትም። እኔም አንድ ቀን ሻይ ቤቱ በር ላይ ሻሼን ወደ ግንባሬ አውርጄ ቆሜ ሰማሁት። ድምፅዋ እንደ ማር ነው። ከበሮዬስ? ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ወሬኛው ፊት ብቻ። ሰፊው የለም። ሆዱ የለም። ያ ትንፋሼን ይዤ የምጠብቀው፣ ያ አሮጊት የሚያስነሳው፣ ሰው ሊሰማው አልቻለም። አንድ ሰውዬ ሻዩን እያማሰለ ምነው ቆርቆሮ የሚመታ ሰው አጠገቧ አስቀመጡባት ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። በዚህ ላይ ፎቶው አለ። ለካሴቱ ልባስ ፎቶ ስንነሳ ፎቶ አንሺው ባሕርና መርከብ የተሣለበት መጋረጃ ፊት ሁለታችንንም አቁሞ አየንና እኔን ወደ ጎን አለኝ። ከዚያ ለምለምን በርጩማ ላይ አስቀምጦ ከበሮዬን ከእጄ ወስዶ ጭኗ ላይ አኖረላት፣ ለውበቱ። ገልብጣ ነው የያዘችው፣ ጠባቡን ፊት ወደ ላይ። እኔ ከካሜራው ኋላ ቆሜ አያታለሁ፣ አረንጓዴ ጀርሲ፣ የኔ ከበሮ፣ የማናውቀው ባሕር። ለምለም ዘይኔም ትግባ እንጂ ብላ ነበር፤ ብላ ነበር፣ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

እንዲህ እንዲህ እያልን አረጀን። የሷ ድምፅ ሻከረ። አልዋሽም፣ መጀመሪያ ሲሻክር የሰማሁ ቀን ማታ እራቴን በደንብ በላሁ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ካቻምና ክረምት ከገበያ ስመለስ ጭቃው አንሸራቶኝ በቀኝ እጄ ላይ ወደቅሁ። ወጌሻ አሸው፣ ታሰረ፣ ተፈታ፣ አጥንቱ ግን ተጣሞ ገጠመ። አሁን ማማሰያ ይይዛል፣ መዳፌ ግን አይዘረጋም፤ ከበሮ የሚመታ እጅ ደግሞ የሚዘረጋ ነው። ያ ድምፅ እንግዲህ እኔ ውስጥ ብቻ ቀረ። ለምለም በበኩሏ ድምፅዋ ሲሄድ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ትንሽ ከበሮ ገዝታ መምታት ጀመረች። ዛሬ ሰርጉ የዲጄ ነው፣ ቢሆንም ሙሽራ ስትወጣና ስትገባ ከበሮ የማይፈልግ የለም፤ እሷ ትመታለች፣ ልጃገረዶች ይዘፍናሉ። እኔ ድንኳን ውስጥ ከአሮጊቶች ጋር ተቀምጬ እበላለሁ። መዝፈኑን ወሰደች፣ ፎቶውን ወሰደች፣ አሁን መምታቱንም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፣ እንደምን ዋልሽ፣ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከዚያ እያንዳንዳችን በየመንገዳችን።

ባለፈው በጋ ታዲያ አንድ ቀን ለምለም ቤቴ መጣች። ቤቴ ከመጣች ስንት ጊዜዋ። ውሃ ሰጠኋት፣ ጠጣች፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ከበሮዬን አየች፣ እንደገና ጠጣች። ነገሩ እንዲህ ነው አለችኝ። ፈንታው የሚባል ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቷል። ልጅ አልኩ እንጂ ጎልማሳ ነው፣ ሥራው ድምፅ መቅዳት ነው። የጎብዬ ተወላጅ ነው፣ እናቱ ሻይ ቤት ነበራትና በዚያ ካሴት ነው ያደገው። አሁን የጥንቱን የሰርግ ከበሮ እየዞረ ይቀዳል። የካሴቱን ልባስ ይዞ ይህቺን ከበሮ የያዘችውን ሴትዮ አሳዩኝ ብሎ ቢጠይቅ ሰው ሁሉ ወደ ለምለም ቤት መራው።

"ከበሮ መቺዋ እርስዎ ነዎት ወይ አለኝ፤ አዎ አልኩት" አለችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ።

"አዎ አልሽው።"

"መቺዋ እጇ ተሰብሯል ብዬ ብነግረው ዕቃውን ጭኖ ወደ ዋጃ መሄዱ ነበር፣ መኪናው ቆሟል። በማርያም፣ ዘይኔ፣ ሌላ ምን ልበለው? ከበሮሽን አውሺኝ። የኔ ትንሽ ናት፣ እሱ የሚፈልገው ወፍራሙን ድምፅ ነው።"

እምቢ ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ነበር። ግን ወፍራሙን ድምፅ አለች፤ ይህን ያህል ዘመን ኖሬ ወፍራሙን ድምፅ ፈልጎ የመጣ ሰው ሰምቼ አላውቅም። እንዲሁ ብሰጣት ደግሞ አንጀቴ ይቆረጣል። ከበሮው ያለኔ የትም አይሄድም፣ እኔው ራሴ ተሸክሜ አመጣዋለሁ አልኳት። እሺ አለች፣ ደስ ያላት መሰለች። ደስ ማለቷም አናደደኝ።

በማግስቱ ስደርስ ፈንታው የለምለምን ዕቃ ቤት በፍራሽ ሸፍኖ ጨርሷል። ትሑት ልጅ ነው፣ ዝቅ ብሎ እጄን ሳመ። ለምለም ጓደኛዬ ዘይነባ ብላ አስተዋወቀችኝ፤ ጓደኛዬ፣ በቃ። እንግዲህ እርስዎ ያጨብጭቡልን አለኝ፣ በደግነት። እኔ ዘይነባ፣ በተጣመመ እጄ፣ በገዛ ከበሮዬ፣ አጨብጫቢ። ቁጭ አልኩ። ለዓይኔ ማሳረፊያ ዙሪያውን ሳይ ግን አንድ ነገር አየሁ። ከከበሮው ሰፊ ፊት ትይዩ፣ አጭር እግር ላይ የቆመ፣ ወንፊት የሚያክል ክብ ዕቃ። ፊቱ ጥቁር፣ መሃሉ ጎድጎድ ያለ። ባጃጆቹ ውስጥ ያለው ድምፅ ማጉያ እኮ ነው አልኩት። ነው እማማ አለኝ፣ ግን እኛ አዙረን ነው የምንሠራበት። ድምፅ ማጉያ ሲጮህ ሆዱ ወጣ ገባ እያለ አየሩን ይገፋል፤ እዚህ ግን ከበሮው ሲመታ አየሩ መጥቶ ይሄንን ሆድ ይገፋዋል፣ ሆዱ ሲነቃነቅ እኛ እንቀዳዋለን። አፍ የነበረውን ጆሮ አደረግነው ይበሉት አለኝ። ጠጋ ብዬ ፊቱ ላይ ቢስሚላህ አልኩበት፣ እንደመሞከር። ፈንታው ሳቀና እሱ ንግግር አይሰማም፣ ለሱ ሌላ ማይክ አለኝ፣ ይሄ የሚሰማው ወፍራሙን ብቻ ነው አለኝ።

"ዘፋኝስ?" አልኩት።

"ዘፋኝ ለሱ የለም ይበሉት።"

ወላሂ ልስመው ቃጣኝ። ለምለም አፏን ብትከፍት የማይሰማት፣ ለኔ ብቻ የተሠራ ጆሮ። የት ነበርክ አንተ? ጋቢ ለብሼ ከጆንያ ኋላ ስውል የት ነበርክ? እጄ ደህና ሳለ፣ ጀርሲዬ ሳያልቅ፣ አሮጊቶቹ ሳይሞቱ? ሁሉ ካለፈ በኋላ መጥተህ አሁን ማን ፊት ቆምክ? ለምለም ፊት። እሷ ደግሞ ከበሮዬን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አሁንስ በትክክል ይዛው፣ መዳፏን ቀሚሷ ላይ ትጠርጋለች። ከሷ መዳፍ በላይ ያስቀናኝ ነገር በሕይወቴ የለም። ድምፅዋ፣ ወገቧ፣ ቀሚሷ፣ ይሄ ሁሉ ምንም አልነበረም። መዳፏ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል። አምስቱም ጣት።

መብራት እስኪመጣ ተጠበቀ። መብራቱ የመጣው እኩለ ቀን ላይ ነው፣ የቆቦ ፀሐይ ቆርቆሮውን እንደ ምጣድ ባጋለችበት ሰዓት። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ትንፋሽ የለም። ለምለም መታች። ቃ አለ። እንደገና መታች። ቃ። ፈንታው ጆሮ ማዳመጫውን በሁለት እጁ ይዞ ዓይኑን ጨፈነ፣ ያንን ክብ ዕቃ ወደፊት አስጠጋ፣ ወደኋላ መለሰ፣ ዝቅ አደረገ። ራሱን ነቀነቀ። ሆዱ የለም አለ። ለምለም ላቧ በአገጯ ይንጠባጠባል፣ በጉልበት ትመታለች፣ ቃ፣ ቃ። እኔ ምን እንደሆነ ገና ስትጀምር አውቄዋለሁ። ሙቀቱ ቆዳውን ወጥሮታል፣ የተወጠረ ቆዳ ደግሞ ይጮሃል እንጂ አያገሳም። እኔ ሁልጊዜ በበጋ ሰርግ ከቤት ሳልወጣ በእርጥብ ጨርቅ አለዝበው ነበር፣ በሬን ዘግቼ፣ ማንም ሳያየኝ፤ የሙያዬ ነገር ስለሆነ ለምለምም አታውቀውም። ዝም አልኩ። እንዴት ደስ የሚል ዝምታ ነበር መሰላችሁ። የሷ ትንሽ ከበሮ በጥላም የምትጮህ ናት፣ ስለዚህ ለምለም ይህን ችግር አታውቀውም። ምቺ እንግዲህ አልኩ በልቤ፣ ይኸው ሰው እየሰማሽ ነው፣ ምቺ።

ፈንታው ማዳመጫውን አውልቆ አንገቱ ላይ አደረገና ቆዳው ሳይደርቅ አልቀረም፣ ነገ ጠዋት ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ግን ነገ ዋጃ እጠበቃለሁ አለ። ከዚያም ለምለም እንዳይከፋት ብሎ፣ በቃ ባለው እንቅዳና እናብቃ አለና ማዳመጫውን መልሶ አጠለቀ። ባለው ማለት ቃ ቃ ማለት ነው። ያን ጊዜ ነው ነገሩ በደንብ የገባኝ። ዝም ብል ለምለም ትዋረዳለች፣ ጥሩ። ግን ያ ቃ ቃ የሚለው ድምፅ የቆቦ ከበሮ ተብሎ ይቀመጣል፣ የኔ ደግሞ ከኔ ጋር መቃብር ይገባል፤ ከእንግዲህ ወዲህ ወፍራም ድምፅ ፈልጎ ቆቦ የሚመጣ ማን አለ? ብናገር ደግሞ ድምፁ ይወጣል፣ ግን በማን እጅ? በሷ። በሁለቱ መሃል ሦስተኛ ነገር ፈለግሁ፣ ወላሂ ፈለግሁ፣ የለም። ለምለም ቀና ብላ አየችኝ። አልለመነችኝም፤ ብትለምነኝ ኖሮ ዝም ባልኩ ነበር ብዬ አስባለሁ። ዝም ብላ ነው ያየችኝ፣ ደክሟት።

ተነሳሁ። ሻርፔን ከአንገቴ ፈትቼ ከጀሪካኑ ውሃ ነከርኩት፣ በግራ እጄ ጨመቅሁት፣ ለምለም ጭን ላይ ጎንበስ ብዬ ሰፊው ፊት ላይ አነጠፍኩት። በጣቴ ጫፍ ከዳር ወደ መሃል እየተጫንኩ ዞርኩት። ፈንታው ምን እያደረጉ ነው እማማ አለኝ። አጨብጫቢ ነኝ አልኩት። ቆዳው እስኪጠጣ ጠበቅን፤ ውጭ አንድ ሰው የጫት ገበያ ተወዷል እያለ በስልክ ይጮሃል። ሻርፑን አነሳሁና በጉልበት አይደለም፣ ክንድሽን ልቀቂው ብያት ተቀመጥኩ።

ለምለም መታች። ድም አለ። ፍራሹ ላይ ያለው አቧራ ተነሳ። ፈንታው ዓይኑ ፈጠጠ፣ እጁን አነሳ፣ ይቀጥሉ ይቀጥሉ የሚል ምልክት ሰጣት። ቀጠለች፣ በጠባቡ ፊት ጠቅ ጠቅ እያለች ሄደች፣ ሄደች፣ ሰፊውን ልታወርደው እጇን አነሳች። እኔ አሁን ትቸኩላለች ብዬ ጠበቅሁ። ሁሉም ይቸኩላላ። አልቸኮለችም። እጇ አየር ላይ ቆየ፣ ትንፋሿን ይዛለች፣ ያ ጎረምሳ በዓይነ ሕሊናዬ ሽቅብ ወጥቶ ቆም ብሏል፣ ጠበቀችው፣ ጠበቀችው፣ እና አወረደችው። ፈንታው ማዳመጫውን ከራሱ አውልቆ ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። ከዚያ በኋላ ክፍሉም፣ ሙቀቱም፣ ለምለምም አልነበሩም። በዚያ ክብ ጆሮ በኩል የሚመጣው እኔ ነኝ። የገዛ ራሴን አመታት መጀመሪያ የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ሲመቱ መስማት ሌላ ነው፣ ተቀምጦ መስማት ሌላ ነው። አጥንቴ ውስጥ ገባ። እንደዚህ ነበርኩ እንዴ አልኩ።

ስታቆም "ማን አስተማረሽ?" አልኳት። ድምፄ የቁጣ ነበር፣ ቁጣም ነበር።

"ማን ያስተምረኛል" አለች ለምለም፣ መዳፏን እያሸች። "ሁልጊዜ ከኋላዬ ነበርሽ፣ ዞሬ እጅሽን አይቼ አላውቅም። በወገቤ ነው የማውቀው። ሰይድ ጓዳ ውስጥ የዘጋብሽ ዕለት እንኳ መሬቱ ይነግረኝ ነበር፤ እግሬን ባንቺ ነው ያነሳሁት።"

ከዚያ ወደ ፈንታው ዞራ መቺዋ እሷ ናት፣ እኔ ዘፋኝ ነበርኩ፣ ስሙን ዘይነባ ብለህ ያዝልኝ አለችው። እንዲሁ፣ ሳይከብዳት፣ ሻይ እንደምታቀብል። ይህ ነው የማልችላት። መዋሸቷን ችዬው ነበር፣ ደግነቷን ግን ምን ልበለው? ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር፣ ያቅፋት ነበር። እኔ ግን የመጣብኝ ቅናት ነው፣ ከጀርሲውም ከፎቶውም የባሰ። የኔ አመታት እሷ ወገብ ውስጥ ሙሉውን፣ ሳይጎድል ተቀምጦ ነበር፤ እኔ ጋ ደግሞ የተጣመመ አንጓ ቀረ። ይህን ያህል ዘመን ማንም አልሰማኝም እያልኩ ስቃጠል፣ አንድ ሰው ሰምቶኛል፣ እሱም ለምለም። ከሰው ሁሉ መርጦ ለምለም።

ፈንታው ማዳመጫው እኔው ጆሮ ላይ ስለነበር "እማማ ዘይነባ፣ ደህና ነው? በዚሁ እንያዘው?" አለኝ። ለምለምም አየችኝ። ሁለቱም የኔን አፍ ይጠብቃሉ። እንዲህ ተጠብቄ አላውቅም።

"አይደለም" አልኩ። "ሦስተኛዋ ላይ ቸኮለች። እንደገና።"

እንደገና መታች። አሁንም ትንሽ ቀረው አልኩ። እንደገና። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ማዳመጫውን በሁለት እጄ ይዤ፣ በደህናውም በተጣመመውም፣ እስከ ታች ድረስ እየሰማሁ፣ ሲያልቅ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ሻርፔን ነክሬ አለዝብላታለሁ፣ እንደገና እላታለሁ። መዳፏ ቀላ፣ ከዚያ አበጠ። ፈንታው ይበቃል መሰለኝ እማማ ሲል በዓይኔ ዝም አሰኘሁት። ለምለም አንዴም አላማረረችም፣ እሺ ዘይኔ፣ የቱ ጋ ነው የጎደለው ትለኛለች፣ እኔም አንድ ቦታ እጠቅስላታለሁ። ፀሐይዋ ከቆርቆሮው ወርዳ መብራቱ ሊሄድ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ነው በቃ፣ ይሄኛው ይሁን ያልኩት።

ፈንታው የላከልኝ ቅጂ ስልኬ ላይ አለ፣ ግን የስልክ ድምፅ ማጉያ ትንሽ ናት፣ እዚያ ላይ ያው ጠቅ ጠቅ ነው። ለምለም ከዚያ ወዲህ ትመጣለች፣ እየመጣችም ያው ነገር ትጠይቀኛለች፣ ያ የመጨረሻው ጥሩ ነበር አይደል ዘይኔ፣ ትላለች። ምንም አይልም፣ እላታለሁ። እውነቱ ግን የመጀመሪያው ነበር ትክክሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ያው የመጀመሪያው ነበር፣ አንድም የጎደለው አልነበረም። ይህን አልነግራትም።